አይደለም፣ ግን ያምራል፦ የአቶ ፍቅረማርያም ኃይለመስቀል የሕይወት ታሪክ

አቶ ፍቅረማርያም ኃይለመስቀል ከአባታቸው ከአቶ ኃይለመስቀል ገብረሕይወት እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ስንታየሁ አበጋዝ ኅዳር 21 ቀን 1950 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ተወለዱ። ዕለቱ የጽዮን ማርያም በዓል ስለነበር ስማቸው ከዚያው ወጣላቸው። አባታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። በአራት ዓመት የሚበልጣቸው አንድ ወንድም ነበራቸው፤ ታደገ ይባላል። ታደገ አባቴ ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት እኔ ራኬብ ታደገ፣ ጋሼ ፍቅረማርያም ያሳደጉኝ የወንድማቸው ልጅ ነኝ።

ስለ ጋሼ በአንቱታ፣ ስለ አባቴ ግን እንደ ታናሽ ስጽፍ ድፍረት እንዳይመስላችሁ። አባቴ የቀረው በሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ዛሬ ከእኔ ሃያ ሦስት ዓመት ያንሳል። አንቱ ልለው ሞክሬ እጄ እምቢ አለኝ።

ጋሼ በልጅነታቸው የቄስ ትምህርት ቤት ገብተው ፊደል ከቆጠሩ በኋላ በከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤት እስከ አሥራ አንደኛ ክፍል ተማሩ። ጎበዝ ተማሪ ነበሩ ብሎ መጻፍ ደንብ ነው፤ እንዳልነበሩ ግን ራሳቸው ስለነገሩኝ አልዋሽባቸውም። ልባቸው ያለው ሌላ ቦታ ነበር። ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር በዚያን ጊዜ ከጨርቅና ከሽቶ ጋር የዘፈን ሸክላ ያራግፍ ነበር። ከየመን ነጋዴ ሱቅ የዑድ ድምፅ፣ ከግሪኩ ቡና ቤት የግሪክ ዘፈን፣ ከሬዲዮ ሶማሊኛ፣ ከሰርግ ቤት የሐረሪ ከበሮ፣ ከሲኒማው ደግሞ የህንድ ፊልም ዘፈን ይሰማል። እሳቸው ሁሉም ጋ ቆመው ይሰማሉ፤ ታደገ መጥቶ እጃቸውን ይዞ ይወስዳቸዋል። ከመጋላ ሰፈር ወደ ከዚራ ሲመለሱ ደረቁን የደቻቱ ወንዝ ማቋረጥ ግድ ነው። ጎርፉ ሳይታሰብ ስለሚመጣ ጋሼ ያን አሸዋ በጣም ይፈሩት ነበር። ታደገ ከፊት እየሄደ ዝግ ባለ ድምፅ ያፏጫል። ፉጨቱ እስከተሰማ ድረስ ወንድም ከፊት አለ ማለት ነው፤ እሳቸውም ይከተሉታል።

እሁድ የካቲት 5 ቀን 1970 ዓ.ም. ሁለቱ ወንድማማቾች የከሰዓት በኋላውን ፊልም ለማየት ሲኒማ ቤት ገቡ። ዘመኑ ወጣት በጠራራ ፀሐይ የሚታፈስበት ዘመን ነበር። ታደገ አስተማሪ ነበር። እናቴን ወ/ሮ ብዙነሽን ካገባ ዓመት አልሞላውም፤ እኔም ገና ሆዷ ውስጥ ነበርኩ። የደረሱት ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ስለነበር ርዕሱን አላዩም። በር ላይ የተለጠፈው ሥዕል ደግሞ የሌላ ፊልም ነበር፤ በጦርነቱ ምክንያት የተጠበቀው ፊልም ሳይደርስ ቀርቶ የሲኒማው ባለቤት ከመጋዘን ያገኙትን አሮጌ ፊልም ነበር የሚያሳዩት። ቋንቋውን ሁለቱም አያውቁትም። ወደ መጨረሻው ገደማ አንድ ሰው ሻንጣ ይዞ በባቡር ሐዲድ ላይ ብቻውን ይሄዳል። እዚያ ላይ አንድ ዜማ ነበር። ስድስት ጊዜ ከፍ ከፍ እያለ ይወጣና ስድስተኛው ላይ ይቆማል፤ አይመለስም።

ያ ትዕይንት ሳያልቅ የሲኒማው አስተናጋጅ ባትሪ እያበራ መጥቶ ለታደገ ውጭ ሰው እንደሚፈልገው ነገረው። ታደገ ተነሣ። ጋሼም አብረው ሊነሡ ሲሉ ትከሻቸውን ተጭኖ አስቀመጣቸው። «ቁጭ በል፤ መጨረሻውን አይተህ ትነግረኛለህ» አላቸው። ታላቅ ወንድም ነውና ታዘው ቁጭ አሉ፤ መጨረሻውንም አዩ። ሲወጡ በሩ ላይ ማንም አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ታደገን ያየው የለም። ቤተሰቡ አስከሬን አላገኘም፣ መቃብር አላየም። በዚያ ጊዜ ማልቀስም ያስጠይቅ ስለነበር ለቅሶ አልተቀመጠም።

በ1972 ዓ.ም. ጋሼ እናቴንና እኔን ይዘው በእግር ወደ ጅቡቲ ተሰደዱ። እኔን በጀርባቸው አዝለው፣ አንዲት ትንሽ ሬዲዮ በአንገታቸው አንጠልጥለው ነበር። እናቴ በ1974 ዓ.ም. በዲኪል የስደተኞች ጣቢያ በወባ አረፈች። ከዚያ ጀምሮ ያበሉኝም ያለበሱኝም ጸጉሬን የጎነጎኑልኝም እሳቸው ናቸው፤ ጉንጉኑ ያምር ነበር ለማለት ግን ይከብደኛል። አባዬ ብዬ ስጠራቸው አይቀበሉኝም። «ጋሼ በይኝ። አባትሽ ሲመጣ ምን ብለሽ ልትጠሪው ነው?» ይሉኛል። ስለዚህ እስከ አርባ ሰባት ዓመቴ ጋሼ እያልኩ ኖርኩ።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1985 አትላንታ ገብተን ክላርክስተን ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ውስጥ መኖር ጀመርን። ጋሼ መጀመሪያ በአንድ ሆቴል ላውንድሪ፣ ከ1989 ጀምሮ ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2019 ድረስ ደግሞ በፒችትሪ ኮርነርስ በአንድ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ሠሩ። ሥራቸው የተበየደ ሰርኪት ቦርድ በማጉያ መነጽር እያዩ ያልያዘችውን አንዲት ነጥብ መፈለግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ከወ/ሮ ሐረገወይን ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋቡ፤ በ1994 ወንድሜን ኤልያብን ወለዱ። በ2001 አቮንዴል እስቴትስ ቤት ገዙ። ቤቱን የመረጡት ሰፊ ምድር ቤት ስላለው ነው፤ የሐረግዬ ምርጫ ሌላ እንደነበር ለሁላችንም ደጋግማ ነግራናለች።

ምድር ቤቱ ያስፈለገው ለሸክላና ለካሴት ነው። ጋሼ ያን ዜማ ይፈልጉ ነበር። ስሙን የማያውቁትን ፊልም፣ የማያውቁትን ቋንቋ፣ የማያውቁትን ዘመን ዜማ። ካገኙት ፊልሙን ያገኙታል፤ ታደገ ሲመጣ ደግሞ መጨረሻውን አስቀምጠው ይነግሩታል። እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2008 በዶራቪል ከአንድ የኮሪያ ግሮሰሪ አጠገብ የቪዲዮ ካሴት ማከራያ ከፍተው ነበር። ቀን ቀን ሐረግዬ ትሠራለች፣ ከሥራ ሲወጡና ቅዳሜና እሁድ እሳቸው ይቀመጣሉ። ደንበኛው ሜክሲኳዊም ይሁን ቬትናማዊ፣ ቦስኒያዊም ይሁን ኮሪያዊ፣ ሰላምታውን ሳይጨርስ በዚያ በተሰበረ እንግሊዝኛቸው አንድ ነገር ይጠይቁታል፦ በእናንተ አገር ፊልም ሰው ብቻውን ሲሄድ ምን ይዘፈናል? ሰዉ ይስቃል፣ ያስባል፣ በሳምንቱ ካሴት ይዞ ይመጣል። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ በሰፈራችን የሟች ቤት ዕቃ በሚሸጥበት ሁሉ ቀድመው ይደርሳሉ። ሰው ሶፋና ሳህን ሲመርጥ እሳቸው ተንበርክከው ሸክላ ያገላብጣሉ።

የሰሙትን ሁሉ በደብተር ይጽፉ ነበር። ሠላሳ አንድ ደብተር ትተዋል። በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ላይ ፍርዳቸው አለ። አብዛኛው «አይደለም» ይላል። የወደዱት ሲሆን «አይደለም፣ ግን ያምራል» ይላል። ከጥቂቶቹ ላንብብላችሁ። «አራት ወንዶች፣ የጆርጂያ ጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን፣ ያለ መሣሪያ። አይደለም፣ ግን ያምራል።» «የህንድ ፊልም፣ ሴትዮዋ ዝናብ ላይ። አይደለም፣ ግን ያምራል፤ ዝናቡም ያምራል።» «ጃዝ፣ ጥሩምባው የታመመ ሰው ይመስላል። አይደለም፣ ግን ያምራል። ሁለት ጊዜ ሰማሁት።» «ኤልያብ የሚያየው የጃፓን ካርቱን። አይደለም፣ ግን ያምራል። ልጁ ጆሮ አለው።» «የራኬብ ዲስኮ። አይደለም።» እኔና ኤልያብ ሙዚቃ መስማት የተማርነው በዚህ መንገድ ነው። ከየትም አገር ይምጣ፣ በየትኛውም ዘመን ይሠራ፣ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው መስማት በቤታችን ሕግ ነበር።

አሁን ብዙዎቻችሁ ወደምታውቁት ነገር ልምጣ፤ ሳልናገረው ባልፍ እነዚህን ሁሉ ዓመታት የታዘባችኋቸውን እንደታዘባችሁ ትቀራላችሁ። በጋሼ ቤት ሙዚቃ ጠፍቶ አያውቅም። ሲተኙም፣ ሲጾሙም፣ ለእረፍት ወደ ሌላ ስቴት ስንሄድም ከፍተው ይወጣሉ። እናንተም ለቅሶ ቤት ሲመጡ በአንድ ጆሮአቸው ኢርፎን እንደሰኩ አይታችኋቸዋል። የሐረግዬ እናት ያረፉ ጊዜ ሳሎኑ በለቀስተኛ ተሞልቶ ሳለ ከምድር ቤት ዘፈን ሲሰማ የነበረውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ሰው ተነሥቶ ወጣ። ሐረግዬ አንድ ወር ሙሉ አላናገረቻቸውም። የማያፍሩ፣ ሐዘን የማያውቁ ተባሉ። እሳቸውም መልስ ሰጥተው አያውቁም።

መልሱን እኔ ያወቅኩት ተጣልቼአቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ለአባቴ ጸሎት እንዲደረግለት ወደ ቄሱ ሄድኩ። ቄሱ የክርስትና ስሙን ጠየቁኝ። አያቶቼ አልፈዋል፣ እናቴ የለችም፤ ስሙን የሚያውቁት ጋሼ ብቻ ናቸው። ጠየቅኳቸው። «ያልሞተ ሰው ስም ለፍትሐት አይሰጥም» አሉኝ። አለቀስኩ፣ ጮህኩ፤ በሕይወቴ ተናግሬ የማላውቀውን ተናገርኳቸው። የዚያን ጊዜ ነው የነገሩኝ፦ «ሐዘን የገባበት ቤት ዘፈን ያጠፋል። እኔ ካጠፋሁ ለወንድሜ ለቅሶ ተቀመጥኩ ማለት ነው። አላጠፋም።» ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ፤ ሁለት ዓመት አልተነጋገርንም። ይቅር ያልኳቸው ስለገባኝ አልነበረም፣ ስለናፈቁኝ ነው። አባት እንዳለኝ እንጂ እንደሌለኝ የሚነግረኝ ሰው ሳይኖር ግማሽ ዕድሜዬን ጨረስኩ። እርሜን ሳላወጣ ኖርኩ ማለት ነው፤ ከባድ ነው።

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 ጋሼ የሳንባ ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ኪሞውን ታግሠው ወሰዱ፤ በ2025 የአሜሪካ የበጋ ወራት ግን ሐኪሞቹ የሚጨመር ነገር እንደሌለ ነገሩንና ቤት ሆነው መታከም ጀመሩ። ኤልያብ አሮጌ ፊልም የሚወዱ ሰዎች በሚጠያየቁበት ድረ ገጽ ላይ ስለ ባለሻንጣው ሰው ከጻፈ ስድስት ዓመት አልፎት ነበር። በጥቅምት አጋማሽ አንድ የማናውቀው ሰው መለሰ። ፊልሙ አለ፤ በቅርቡ ታድሶ በኢንተርኔት ወጥቷል። ርዕሱን እዚህ አልጽፈውም፤ ሰው ሁሉ ሊያየው እንዲቸኩል አልፈልግም።

እሁድ ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቤተ ክርስቲያን መልስ አራታችን ሳሎን ተቀመጥን። ጋሼ ለበዓል የሚለብሱትን ኮት አስመጥተው ለበሱ። ፊልሙ ትክክለኛው ነበር፤ እያንዳንዱን ነገር ከመምጣቱ በፊት ይነግሩን ነበር። ከዚያ ሐዲዱ መጣ፣ ሰውየው ከነሻንጣው መጣ። ዜማ አልነበረም። የጫማ ድምፅና ንፋስ ብቻ ነው ያለው። «ወደ ኋላ መልሰው» አሉት፤ ኤልያብ መለሰው። ሦስት ጊዜ አየነው። ኤልያብ ደነገጠ። «ዳድ፣ ሜቢ ኮፒው ነው። ኦዲዮውን ሚስ አድርገውት ይሆናል። ሌላ ቨርዥን ሰርች ላድርግልህ?» አላቸው።

«ተው ልጄ፣ ኮፒው ደህና ነው» አሉ። «ዜማው ከፊልሙ አልነበረም። ከግራዬ ነበር። በግራዬ የተቀመጠው ታደገ ነበር።» ከዚያም ወደ እኔ ዞረው፣ «የወሰዱትን ሰዎች በሩ ላይ አይቷቸው ነበር ማለት ነው። እንዳልፈራ ነው ያፏጨልኝ» አሉኝ። ዓይን ስክሪን ላይ ሲተከል ጆሮ የሚሰማውን ሁሉ ከዚያው የመጣ ይመስለዋል። አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ የዓለምን ሸክላ ያገላበጡት የወንድማቸውን ትንፋሽ ፍለጋ ነበር፤ ያን ደግሞ ማንም አልቀረጸውም።

ኢርፎናቸውን ከጆሮአቸው አውጥተው ለሐረግዬ ሰጧት። «አጥፉት» አሉ። ሐረግዬ የወጥ ቤቱን ሬዲዮ፣ የመኝታ ቤቱን ስፒከር፣ ምድር ቤት ወርዳ የሸክላ ማጫወቻውን አጠፋች። በተጋቡ በሠላሳ አራት ዓመቷ የገዛ ቤቷን ማቀዝቀዣ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማች። እኔን ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፍርሃት ያዘኝ። ቤቱ ጸጥ ሲል አባቴ ያኔ ሳሎናችን ውስጥ የሞተ መሰለኝ።

ፍራሽ መሬት ላይ ተነጥፎላቸው ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጡ። ከእናንተ መካከል የሰማችሁ መጣችሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ግራ የገባችሁም ነበራችሁ፤ ማን እንደሞተ ስትጠይቋቸው «ወንድሜ ነው፤ እሁድ ነው የተረዳሁት» ሲሉ ሰምታችኋል። አእምሮአቸው የተነካ የመሰላችሁ ካላችሁ አልተነካም። መርዶ በየትም በኩል ይምጣ መርዶ ነው። በሦስተኛው ቀን አስጠርተው ብዕር እንድይዝ አዘዙኝና የአባቴን የክርስትና ስም ነገሩኝ። ወልደ ሰንበት ነው። ስጽፈው እጄን ያዩ ነበር። ስጨርስ፣ «እንግዲህ እንደወደድሽ ጥሪኝ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ስንት ጊዜ ልጠራቸው አፌን ከፈትኩ። አፌ የለመደው ሌላ ነውና በየጊዜው ጋሼ እያለ ያወጣዋል።

አቶ ፍቅረማርያም ቅዳሜ ጥቅምት 29 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 2025) ጠዋት በተወለዱ በ67 ዓመታቸው፣ ሐረግዬ እጃቸውን እንደያዘች በቤታቸው አረፉ። ለዚህ ወረቀት ፎቶ ስፈልግ የመጨረሻውን ደብተር ከትራሳቸው ሥር አገኘሁት። በመጨረሻው መስመር ላይ እንዲህ ይላል፦ «ታደገ። ፉጨት። ድሬዳዋ፣ የካቲት 1970። ነው። ያምራል።»

ቤታቸው እስከ አርባው ዝም ይላል። ከአርባው በኋላ ግን ምድር ቤቱ ክፍት ነው፤ ኤልያብ ይቀበላችኋል። አንድ አንድ ሸክላ ይዛችሁ ሂዱ፤ በማታውቁት ቋንቋ የተዘፈነውን ምረጡ፣ እስከ መጨረሻውም ስሙት።

የዚህን ወረቀት የመጀመሪያ ረቂቅ ስጽፍ የአንድ ልጅ አባት ነበሩ ብዬ ነበር፤ ሐረግዬ አንብባ በእስክሪብቶ ሰረዘችው። አቶ ፍቅረማርያም ባለትዳርና የአንዲት ሴትና የአንድ ወንድ ልጅ አባት ነበሩ። ዛሬ ካህናቱ በፍትሐቱ ላይ ሁለት ስም ይጠራሉ፤ ገብረ ጽዮን ብለው እሳቸውን፣ ወልደ ሰንበት ብለው አባቴን። አምላክ ሁለቱን ወንድማማቾች ፍርሃት በሌለበት ጎን ለጎን ያስቀምጥልን፤ እኛንም በቀረን ዘመን ያጽናን።

መጨረሻውን ይንገሩልኝ፤ ወንድምዎ ይጠብቅዎታል። ደህና ይሁኑ፣ አባዬ።